ድህነቴን ያረዱልኝ ሦስት ሰዎች

መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ፣ ብረት ቀጥቅጦ ምድጃ የሚያወጣ ጉልበተኛ ሞልቷል። «ሞተ» የምትለዋን ቃል የሚያነሳ ግን የለም። ይህን ያወቅሁት የባሌ የሰይድ መርዶ የመጣ ዕለት ነው። ሰይድ እናቱን ሊጠይቅ ወሎ ሄዶ፣ እዚያው ሞቶ፣ እዚያው ተቀብሯል። እኔ ይህን አላውቅም። ገና ሳይነጋ ሦስት የሥራ ጓደኞቹ በሬን አንኳኩ፤ የብረት ጥላሸታቸውን አጥበው፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው ተደርድረው ተቀመጡ። ታላቃቸው ጋሼ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ዘሃራ ልጄ፣ እንዴት ነሽ?» አሉ። ስለ ቆርቆሮ መወደድ አወሩ። ቀጥለው ሰይድን ትንሽ አሞት ነበር አሉ። ቆይተው ደግሞ ጠንቶበት ነበር አሉ። ለመሆኑ ጉንፋን ሊያወራ ነጭ ለብሶ በሌሊት የሚመጣ ማን ነው? ገባኝ።

እኔ አብነት አካባቢ አስተማሪ ነኝ። ክረምት ክረምት ዩኒቨርሲቲ እየገባሁ ዲግሪዬን ስማር ቆይቼ፣ የቀረኝ አንድ ክረምት ብቻ ነበር። የሚከፍልልኝ ሰይድ ነው። ዝናብ ወረቀቴን እንዳያበሰብስብኝም ከዘይት ቆርቆሮ ክዳን ያለው ሳጥን ሠርቶልኛል። «የዲግሪሽን ቤት ሠርቻለሁ፤ ባለቤቱን አንቺ አምጪ» ይለኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲው ለችግረኛ የክረምት ተማሪዎች የክፍያ ድጋፍ እንዳለው ሰማሁ። ታዲያ ድሃ መሆን ብቻውን አይበቃም፤ ሦስት ሰዎች ወረዳ ቀርበው መመስከር፣ ወረዳውም በማኅተም ማጽናት አለበት። መርካቶ ውስጥ ሀብታም ነኝ ያለ ሰው ምስክር አምጣ ተብሎ ያውቃል?

እነዚያኑ ሦስቱን ለመንኳቸው፤ መጡ። የወረዳዋ ጸሐፊ፣ ወጣት ልጅ ናት፣ «ወይዘሮ ዘሃራ ችግረኛ ናቸው?» ብላ ጠየቀች። ጋሼ ይማም ቱግ አሉ። «የማን ሚስት? የሰይድ? ወላሂ፣ የሰይድ ቤት ጎድሎበት አያውቅም! ይኸው፣ ለወረቀቷ እንኳ ቤት ሠርቶላታል!» እያሉ ወረቀቴን ይዤ የመጣሁበትን ሳጥን አንኳኩት። ሁለቱም «ሐቅ ነው» እያሉ አጀቧቸው። ጸሐፊዋ «ችግር የለባቸውም» ብላ ልትጽፍ ብዕሯን ስታነሳ ቅጼን ነጥቄ ወጣሁ።

ውጭ «ጋሼ፣ ምን ነካዎት?» ብላቸው አንገታቸውን ደፉ። «ሚስቱን ለችግር ጥሎ ሄደ ብዬ ሙት ልውቀስ? ምላሴ እምቢ አለኝ፣ ልጄ።» መቆጣት አቃተኝ። ሰይድ በእሳቸው ቦታ ቢሆን ከእሳቸውም ብሶ ያጋንን ነበር። ግን ማመልከቻ የሚዘጋው በማግስቱ ነው። «መርዶውንስ ነግራችሁኝ የለ? እንደዚያው አድርጋችሁ ንገሩልኛ!» አልኩና ሄድኩ።

ለካ እንዲህ የሚሰማኝ ሰው ኖሯል! በማግስቱ ቢሮው ሲከፈት ቅጼን ይዤ ስደርስ ሦስቱም ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ጸሐፊዋ ፊት ተደርድረዋል። ጋሼ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ እንዴት ነሽ? ቤተሰብ ደህና ነው?» ልጅቱ ብዕሯን አስቀመጠች። «መቼም የሰው ልጅ የሚሆነው አይታወቅም፤ በርታ ማለት ነው...» ሳይጨርሱት «እማዬን!» ብላ ጩኸቷን ለቀቀችው። ከየክፍሉ ሠራተኛው ነጠላውን እያዘቀዘቀ ተሰበሰበ። ጋሼ ይማም ደንግጠው ከመቀመጫቸው ዘለሉ፤ «ኧረ እናትሽ ደህና ናት! ዘሃራ ናት! ዘሃራ ድሃ ናት!»

ወጣላቸው። ጸሐፊዋ እንባዋን እየጠረገች፣ «ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ!» እያለች ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታችው። በድህነቴ እንዲህ የተደሰተ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም።

ድጋፉ ተፈቀደልኝ። ይኸው ሳጥኔን ይዤ ክፍል እገባለሁ፤ ዝናቡ ክዳኑን ይደበድበዋል፣ ውስጡ ደረቅ ነው። እናንተም በየእምነታችሁ ለሰይድ ዱዓ አድርጉለት፣ ነፍሱን ይማር በሉት። ሦስቱ ጓደኞቹ አላህ ዘንድም ሊመሰክሩለት ወደኋላ አይሉም። ግን እንደማውቃቸው ያጋንናሉና፣ የረጋ ሰው ቃል ቢጨመርበት አይከፋም።