የሰኞ በር

የሰው ልጅ ትንሽ ሥልጣን ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያምረው ምን ይመስላችኋል? በር መዝጋት! መክፈትማ ማንም ይከፍታል። ዘግቶ ውጭ የቀረውን በፍርግርጉ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም። ከጋሸና ብዙም በማትርቅ አንዲት ከተማ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር፣ በተጨማሪም ዩኒት ሊደር ነኝ። ሌላ ቦታ ዩኒት ሊደር ምን እንደሚሠራ አላውቅም፤ እኔ በር አዘጋ ነበር።

ሁለት ሰዓት ላይ ይደወላል፣ በሩ ይዘጋል። በሩ ላይ በገዛ እጄ ጽፌ የለጠፍኩት ወረቀት «ያረፈደ ማንም ሰው ወላጅ ወይም ዋስ ካላቀረበ አይገባም» ይላል። ዋሱም ዝም ብሎ አይቆምም፤ «ሁለተኛ አይለምደውም፣ እኔ ዋስ ነኝ» ማለት አለበት። ዘበኛችን አያ ሞላ ይህችን ቃል ከአባታችን ሆይ እኩል ያውቋታል።

ጣጣው ሰኞ ነው። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ዓርብ ወደ ቀያቸው ይሄዳሉ፤ ሰኞ የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ታዲያ ያረፍዳሉ። አብዛኞቹ መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው «አጎቴ ነው» ብለው ያቆሙብኛል፤ አጎት የሚበዛበት ትምህርት ቤት ነው የእኛ። የዘጠነኛ ክፍሏ እናትነሽ ግን የቄስ ልጅ ናትና አጎት መከራየት አይሆንላትም። አባቷ አንዴ ተጠርተው መጥተው ነበር፤ ዳግመኛ ከጠሩኝ ትምህርቱ ይቀርና ከቤት ትቀመጣለሽ ብለዋታል። እንደገና ያረፈደች ሰኞ ይህንኑ ነገረችኝና ስንቋን አውርዳ በሩ ሥር ቆመች። እኔ ምን አልኩ? ሕግ ሕግ ነው አልኩ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

አዲሷ ርዕሰ መምህራችን ወይዘሮ ጥሩወርቅ ለካ ከኋላዬ ቆመው ይሰሙ ኖሯል። መቼም ዳይሬክተር አይተናል፤ የሚጮኸውንም፣ ማስታወቂያ የሚለጥፈውንም። እሳቸው ግን በሩን ራሳቸው ከፍተው ልጅቷን አስገቡና እኔን ቢሮ ጠርተው ሻይ አዘዙልኝ። ለምን ታረፍዳለች? አሉኝ። ስንፍና ነዋ! አልኩ። መንገዱን አይተውታል ወይ? አሉኝ። አላየሁም አልኩ። እንግዲያው አባትየውን አንጠራም፤ እሑድ እርስዎ ይሄዳሉ፣ ሰኞ ከእሷ ጋር ይመጣሉ ብለው ፈረዱብኝ። ሻዩን ሳልጨርስ ወጣሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባዶ እጄን ወጣሁ። የሦስት ሰዓት መንገድ ነው የተባልኩት አምስት ሰዓት ፈጀብኝ። ቄሱ የእንግዳ እግር ካላጠብኩ ብለው አስጨነቁኝ፤ እኔ ልጃቸውን ላባርር የነበርኩት ሰውዬ መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ። ራት ላይ ግን ልማዴ አልለቀቀኝም። ልጅቷ እሑድ ከሰዓት ስንቋን ይዛ ብትነሣ እኮ አታረፍድም አልኳቸው። ቄሱ በትሕትና፣ ለመሆኑ እርስዎ እሑድ ያስተምራሉ? ብለው ጠየቁኝ። ኧረ በሰንበት! አልኩ።

«እኛም በሰንበት አንጭንም» አሉኝ።

እዚህ አገር አህያ እንኳ የሚያርፍበትን ቀን ለልጅቷ ልከልክል? ወደ ጉርሻዬ ተመለስኩ።

ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ተነሣን። እናትየው ለዳይሬክተሯ ይሁን ብለው አንድ ከረጢት የእንጀራ ድርቆሽ አሸከሙኝ። የመጀመሪያውን ዳገት እንደ ዩኒት ሊደር ወጣሁት፤ ሁለተኛውን እንደ ሰው። ሦስተኛው ላይ በየድንጋዩ ቁጭ እያልኩ ሳዘግም እናትነሽ ከረጢቱን ወስዳ ከራሷ ሸክም ላይ ደረበችው። ስከለክላት ግድ የለም ቲቸር፣ እኔ ለምጄዋለሁ አለችኝ። ቀድመሽ ሂጂ ብላትም መንገድ ይስታሉ ብላ እምቢ አለች። አንጀቴን በላችው። ይቺ ልጅ ይህን ዳገት በየሳምንቱ የምትወጣው የእኔን ፊዚክስ ልትማር ነው፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፊዚክሴ ይህን ያህል አይረባም።

ስንደርስ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። አያ ሞላ እናትነሽን ሲያዩ በሩን ከፍተው አስገቧትና በእኔ ላይ መልሰው ዘጉት። ለካ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በዚያው ጠዋት፣ ሰኞ ስንቅ የተሸከመ ሁሉ ቢያረፍድም ሳይጠየቅ ይግባ ብለው አዘዋል። የእኔ ስንቅ የታለ? እናትነሽ ጀርባ ላይ! እኔ እኮ ነኝ አያ ሞላ፣ አልኩ። በዱላቸው ጫፍ ወረቀቱን አሳዩኝ። «ማንም ሰው» ይላል። ማን ጻፈው ብዬ አልከራከር ነገር።

እናትነሽ ይህን ስታይ ሸክሟን እንደያዘች ተመለሰች። ፊቷን እንደ ትልቅ ሰው ኮስተር አድርጋ ፍርግርጉን ያዘችና፣

«ሁለተኛ አይለምዳቸውም፤ እኔ ዋስ ነኝ» አለች።

አያ ሞላ ከፈቱልኝ። ወረቀቱን ገንጥዬ ኪሴ ከተትኩት። ቄሱም ዳግመኛ አልተጠሩም፤ ልጃቸው ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ናት። እኔስ? ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አርፍጄ አላውቅም፤ ዋሴ በየሰኞው ስንቋን እንደተሸከመች በሩ ላይ ቆም ብላ ቀድሜ መግባቴን ታያለች።