ከቴሌቪዥን ጋር የሚከራከሩት ኒሩፓም ባቡ

ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ሁሉ ቴሌቪዥኑን የሚያርም አንድ ሰው አይጠፋም። ምግብ አብሳዩ ሽንኩርት ሲጨምር «ቸኮለ» ይላል፤ መንገደኛው ተራራ ሲወጣ «በዚያ በኩል አይወጣም» ይላል። ራሱ እንቁላል እንኳ ጠብሶ አያውቅም። ኮልካታ ውስጥ፣ በላሂሪዎች ቤት፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር ኒሩፓም ባቡ ነበሩ፤ «ባቡ» በዚያ አገር «አቶ» እንደ ማለት ነው።

ኒሩፓም ባቡ ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ጣቢያ፣ የመረጃ መስኮት ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በሥራ ዘመናቸው ባቡሩ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ብቻ ሳይሆን፣ መንገደኛው ሲደርስ የት ቢበላ እንደሚሻለውም ይናገሩ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ የየአገሩን ምግብ የሚበላው የቴሌቪዥን ዝግጅት አቅራቢ ብቅ ሲል፣ ባለቤታቸው ቢናፓኒ፣ መምህርቷ ልጃቸው ማላቢካና ታናሽ ወንድሟ ዲፑ የፈነዳ ሩዝ በሰናፍጭ ዘይት ለውሰው አልጋው ላይ ይሰበሰባሉ። ኒሩፓም ባቡ ግን ወንበራቸውን ቴሌቪዥኑ ድረስ ያስጠጋሉ፤ ሰውየው እንዲሰማቸው ይመስል።

«እንዲህ አይደለም» ብለው ይጀምራሉ። «ዓሣ እንዲህ አይገላበጥም። ይሄ ልጅ እናት የለውም?»

«አንተ የማላቢካ አባት፣ እስቲ ሰውየው ይናገርበት» ይላሉ ቢናፓኒ።

«ይናገር፤ ማን ከለከለው? እኔ የማርመው ሲሳሳት ብቻ ነው።»

ሳይሳሳት ያለፈበት ደቂቃ ግን አልነበረም። አንድ ቀን ዲፑ ተንኮል አስቦ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቢያጠፋው፣ ኒሩፓም ባቡ ልብ ሳይሉት ዝግጅቱን እስከ መጨረሻው ራሳቸው ተረኩት። «የአባዬ ይሻላል» ብሎ ዲፑ ድምፁን ሳይመልሰው ቀረ።

ከሁሉ አብልጠው የሚያነሡት ሪንቾክን ነበር፤ በሰሜን፣ ተራራ ላይ ያለችውን ትንሽ ከተማ። የየትኛውም አገር ተራራ ቢታይ «ይሄማ ሪንቾክ አጠገብ ቢቆም ጉብታ ነው» ይላሉ። እዚያ ገበያው አናት ላይ አንድ ዳቦ ቤት አለ፤ ከደጃፉ ሆነው ቁልቁል ሲያዩ ወንዙ እግር ሥር ይፈሳል፤ ዳቦው ደግሞ ሳምንት ቢቆይ አይደርቅም። ልጆቹ ያን ዳቦ ቤት ሲሰሙት ነው ያደጉት።

ታዲያ አንድ እሑድ አቅራቢው ሪንቾክ ሄደ። ኒሩፓም ባቡ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው ጠበቁት። ማላቢካ ያን ቀን የተማሪ ደብተር ስታርም ውላ ራሷን እያመማት ነበር። አቅራቢው ገበያው መሐል ቆመና ወንዙን ለማየት በመኪና ግማሽ ቀን መውረድ እንደሚያስፈልግ ተናገረ።

«እንዲህ አይደለም» አሉ ኒሩፓም ባቡ። «ይሄ ልጅ ሌላ ከተማ ነው የሄደው።»

«አባዬ፣ ሰውየው እኮ እዚያው ቆሞ ነው የሚናገረው» አለች ማላቢካ። «ለመሆኑ አንተ ሪንቾክን በዓይንህ አይተሃት ታውቃለህ?»

የቢናፓኒ እጅ ሩዙ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ኒሩፓም ባቡ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ «አላየኋትም» አሉ። ከዚያም፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ሌሎቹንም ከተሞች አላየሁም» አሉ።

በሳምንቱ ወንበራቸው ግድግዳው ሥር ነበር። ተቀምጠው ያያሉ፤ ቃል አይወጣቸውም። ዲፑ ሊያስቆጣቸው ፈልጎ «ዓሣ በሰናፍጭ ከሚሠራ በቅቤ ቢሠራ ይሻላል» ቢል፣ «እነሱ ያውቃሉ» አሉ። ማላቢካ ያን አቅራቢ ያለ አባቷ ስታዳምጠው፣ ለካ ምንም የሚያወራው ነገር የለውም። ይቅርታ ልትጠይቅ እየፈለገች ቃሉ ይጠፋት ነበር። ምን ብላ ትጠይቅ? የተናገረችው ሐሰት አልነበረም።

የዱርጋ ፑጃ በዓል ሲደርስ አባትና እናቷን ይዛ ሪንቾክ ሄደች። ኒሩፓም ባቡ ከረባት አስረው፣ ጆሮ የሚሸፍን የሱፍ ቆባቸውን ገና ሙቀቱ ሳያልቅ ደፍተው ተጓዙ። መንገዱን ሁሉ አላማረሩም። የእንግዳ ማረፊያው አልጋ ሲጢጥ ሲል እንኳ ምንም አላሉም።

በማግሥቱ ጠዋት ገበያው አናት ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አባቷን ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሻንጣ የተሸከሙ ባልና ሚስት ቀርበው መንገድ ሲጠይቋቸው ደረሰች።

«አላውቅም» አሉ ኒሩፓም ባቡ። «እኔም እንግዳ ነኝ።»

ማላቢካ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ያን ቀን የተናገርኩት...»

«እውነት ነው የተናገርሽው።»

«እውነቱን ማን ጠየቀኝ?»

ኒሩፓም ባቡ ቆባቸውን አስተካከሉ። «አንዲት ነርስ ነበረች» አሉ። «በየዓመቱ በበዓል ወደ አገሯ ስትሄድ መስኮቴ ጋ ትቆም ነበር። ሪንቾክን ያሳየችኝ እሷ ናት። ወንዙ ከደጃፍ ይታያል ያለችውም እሷ ናት፤ ናፍቆት ይሆናል ያቀረበላት። አንድ ጊዜ ከዚያ ዳቦ አመጣችልኝ። አንቺና ዲፑ በላችሁት፤ ልጆች ነበራችሁ።»

«አንተስ አልቀመስክም?»

«ለእናንተ ነው ያመጣሁት።»

«ታዲያ ለምን አልመጣህም? ባቡር በነፃ ትሳፈር ነበር።»

«ሰው ሁሉ የሚጓዝበት ቀን እኔ የምሠራበት ቀን ነዋ።»

«ጡረታ ከወጣህ በኋላስ?»

«ያኔማ አውቀዋለሁ ብዬ ለስንቱ ተናግሬያለሁ» አሉ። «መጥቼ እንዲህ ባይሆንስ?»

ማላቢካ እጃቸውን ያዘች፤ እሳቸውም አልከለከሏትም። ዳቦ ቤቱ ከተዘጋ ሃያ ዓመት እንደሆነው አንዲት ሻይ ሻጭ ትናንት ነግራታለች፤ እሱን ልታነሣባቸው አልፈለገችም።

በምሳ ሰዓት ከቢናፓኒ ጋር ሆነው በአንዲት ጠባብ ቤት ሞሞ የሚባለውን፣ በእንፋሎት የሚበስል የሊጥ ጥቅልል አዘዙ። ትኩሱ መጣ። ማላቢካ አንዱን ቀመሰች፤ ሊጡ ጥሬ ነው፣ የተጠቀለለበት ሥጋም ጨው የሚባል አልነካውም። አባቷን አየቻቸው። ቀስ ብለው እያኘኩ ነው።

«እንዴት ነው አባዬ?» አለች፤ ሳህኑን ገፍተው አብሳዩን እንዲያስጠሩት፣ ቤቱን በጩኸት እንዲሞሉት፣ እንዲያሳፍሯት ጭምር እየተመኘች።

ኒሩፓም ባቡ ዋጡ። በመሐረባቸው አፋቸውን ጠረጉ።

«ጥሩ ነው» አሉ።