ሰላምታ የነሳኝ እንግዳ

ከአገር ጎብኚ ሁሉ የሚያስፈራው አምስት የስፓኒሽ ሰላምታ ሸምድዶ የመጣው ነው። ካርታ የያዘው መንገድ ስቶ ይሄድልሃል፤ ካሜራ የያዘው የቤተ ክርስቲያኑን ደወል አንስቶ ይሄድልሃል። ሰላምታ የያዘው ግን የትም አይሄድም። ይወድሃል።

በስፔን፣ በቴሩኤል ተራሮች ላይ ያለችው መንደራችን የደረሰባት እንዲህ ያለው ሰው ነው። ክቡርነታቸው ታፒዮ ከፊንላንድ መጥተው በጋውን ቤት ተከራዩ። ለሰው፣ ለውሻ፣ ለበቅሎ ሳይለዩ ሰላምታ ያድላሉ። የሽማግሌው ካሲሚሮ ቀብር ዕለትማ ባርኔጣቸውን አውልቀው ለሬሳ ሳጥኑ “መልካም ጉዞ!” ብለው ጮኹ። እኔ ክው አልኩ። መበለቲቱ ግን እንባዋን ጠረግ አድርጋ፣ “ባሌ ከዚህ መንደር ወጥቶ አያውቅም፤ ይኸው ዛሬ የሚሸኘው አገኘ” አለችና ሳቀች።

ከሁሉ የባሰው የቀትሩ ነው። እኛ ዘንድ ምሳ እስኪበላ ድረስ ጧት ነው። ታፒዮ ግን ገና ስድስት ሰዓት ሳይሞላ አደባባዩ መሐል ቆመው “ቡዌናስ ታርዴስ! እንደምን ዋላችሁ!” ይላሉ።

“ጌታው፣ ምሳ በልቻለሁ እንዴ?” አልኳቸው ከአግዳሚ ወንበሬ ተነሥቼ። “ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው አደረ እንጂ አልዋለም!”

እጅ ነሥተው አመሰገኑኝ። በማግሥቱም ያንኑ ደገሙት።

አሁን ስለ ኤላዲዮ ልናገር። አብሮ አደጌ ነበር። በድርቁ ዓመት የመስኖ ተራዬን ወስዶ የለውዝ ዛፎቼን አደረቀብኝ፤ እኔም ሰላምታ ነሳሁት። ሰላምታ መንሳት በእኛ አገር ቀልድ አይደለም። ሰው ሳይማታና ሳይካሰስ ጠላቱን ከምድር የሚያጠፋበት የተከበረ ሥርዓት ነው። ችግሩ ዳቦ ቤቱ ላይ ነው። የገባ ሁሉ ወረፋ ለመያዝ “የመጨረሻው ማነው?” ብሎ መጠየቅ፣ የመጨረሻውም መመለስ ግዴታው ነው። ስለዚህ ኤላዲዮ ውስጥ ካለ እኔ ፀሐይ ላይ እቆማለሁ።

አንድ ቀን ታፒዮ ቆሜ አዩኝና ባለዳቦ ቤቷን ኡርሱላን በእጅ ምልክት ጠየቋት። ምላሷ የማያርፈው ኡርሱላ በአፏም በእጇም ሁሉንም ዘከዘከችላቸው።

በማግሥቱ ጧት ሰላምታዬን ልቀበል ተዘጋጅቼ ተቀምጫለሁ። ታፒዮ መጡ። አጠገቤ የተኛውን ውሻ “ቡዌኖስ ዲያስ፣ እንደምን አደርክ” አሉት። እኔን አልፈውኝ ሄዱ።

ከኋላቸው ተጣራሁ። “ዶን ታፒዮ! ምነው፣ አመመዎት እንዴ?”

ቆሙ። የረገፈ ለውዝ እንደሚለቅም ሰው ቃላቸውን አንድ በአንድ ለቀሙ። “አንተ ለኤላዲዮ ሰላምታ የለም። እኔ ለአንተ ሰላምታ የለም።”

“ጉድ!” አለች ኡርሱላ ከበሯ ላይ። “ዶን ፍሎሬንሲዮ፣ በራስዎ ጅራፍ ተገረፉ እኮ!”

“ዝም በይ አንቺ ምላሰኛ!”

አምስት ቃል ብቻ ያለው ሰው የእኔን ድርሻ ይነጥቀኝ? ማልጄ ተቀመጥኩ፤ አልሆነም። ሳልኩ፤ በቅሎዋን ሰላም አሉ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ጧት ጧት በስሜ የሚጠሩኝ እኚህ ሰው ብቻ ነበሩ። ቅዳሜ ደግሞ አገራቸው ሊገቡ ነው።

ዓርብ ዕለት ወደ ዳቦ ቤቱ ሄድኩ። በበሩ በኩል የኤላዲዮ መላጣ ይታያል። ታፒዮ አደባባዩ መሐል ባለው ምንጭ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። ገባሁ።

“የመጨረሻው ማነው?”

የኡርሱላ ቢላዋ አየር ላይ ቀረ። ኤላዲዮ፣ ያ ክፉ፣ ሆን ብሎ አስጠበቀኝ።

“እኔ ነኝ” አለ። ከዚያ ዞሮ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። “አርጅተሃል።”

“አንተም ተመልጠሃል።”

“ይኼ እኮ ቆየ!”

“እኔ ምን አውቃለሁ፤ አላየሁህም።”

ዳቦዬን በብብቴ ይዤ ወጣሁ፤ ኤላዲዮም በሩ ላይ ጠብቆኝ ኖሯል። ታፒዮ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ባርኔጣቸው ሰማይ ሊነካ ምንም አልቀረው።

“ዶን ፍሎሬንሲዮ! ቡዌናስ ታርዴስ!”

ገና አምስት ሰዓት ነው። ዳቦው አልተቆረሰም። ኤላዲዮ አሁን ያርማቸዋል ብሎ በጎን ያየኛል። ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

“ቡዌናስ ታርዴስ፣ ዶን ታፒዮ” አልኩ በባዶ ሆዴ። “እንደምን ዋሉ?”