ክብርት እትዬ ፋይቃ፣ የማጥመቂያው አዛዥ

ክርስትና የሚፈጸመው በካህን ነው የሚል ሰው ሹብራ ኖሮ አያውቅም። እኛ ሰፈር ካህኑ ጸሎት ያደርሳል፤ ሥርዓቱን የሚመሩት ግን ክብርት እትዬ ፋይቃ ናቸው። እንደሳቸው ያለች ሴት የሌለችበት ደብር ካለ አሳዩኝና ነገውኑ ጓዜን ጠቅልዬ ልግባ።

ያልተገኙበት ክርስትና የለም፤ መጠራትም አይጠብቁ። ክርናቸውን ውኃው ውስጥ ነክረው "ቀዝቅዟል" ይላሉ። ሙቅ ሲጨመር ደግሞ "ልጅ ነው የምትነክሩት ዶሮ?" እናቶችን የልጅ አያያዝ ያስተምራሉ፦ "ጭንቅላቱን! ጭንቅላቱን ደገፍ አርጊ!" ካህናችን አባ ሰራባሙን ሕፃኑን ሦስቴ ሲያጠልቁ ከኋላ ሆነው ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። አንዴማ ሜሮኑ መቀባት ያለበት ሠላሳ ስድስት ቦታ ነው፣ እርስዎ የቀቡት ሠላሳ አምስት ነው ብለው ድርቅ አሉ። ሲታይ ለካ የግራ ቁርጭምጭሚት ተረስቷል። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው!

የባሰው የቀን ቆጠራቸው ነው። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ፤ ንቅንቅ የለም። የአጎቴ ልጅ ከኩዌት መጥቶ መመለሻው በሴት ልጁ ሰባ ስምንተኛ ቀን ላይ ቢውልበት፣ ሁለት ቀን ይማሩኝ ብሎ ለመናቸው። ትኬትህን ቀይር ብለው አሰናበቱት። ቀየረ።

እንግዲህ የእኔዋ ልጅ ቬሬና ያለ ጊዜዋ ተወለደች። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ጡት እምቢ አለች፣ ትንፋሿ ቆረጥ ቆረጥ ይል ጀመር። ሐኪሙ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ውሰዷት አለን፤ መድረሷን ግን አላረጋገጠልንም። ባለቤቴ ኔቪን ሳትጠመቅ እንዳትሞትብኝ እያለች ታለቅሳለች። እሷ አራስ ናት፣ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። እኔም መኪናው እስኪመጣ ደረጃው ላይ ልጄን ታቅፌ ፈዝዣለሁ።

እትዬ ፋይቃ ነጠላ ጫማቸውን ግራና ቀኝ አቀያይረው ተጫምተው ከች አሉ።

"ተነሥ፣ ይዘሃት ና። አባ ጋ ሰው ልኬያለሁ።"

"እትዬ፣ ገና አሥራ ሰባት ቀኗ እኮ ነው" አልኩ፣ ጅሉ።

ቆም ብለው አዩኝ። "ለኔዋ እስከ ሰባ ስድስት ቆጠርኩላት" አሉ። "አራት ቀን ቀርቷት ነበር። ተነሥ ብዬሃለሁ።"

ሃያ ዓመት ስንጎራበት ልጅ እንደነበራቸው አላውቅም ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ነው፤ ሮጥን። አባ ሰራባሙን ክርስትና እናቷ ማን ናት ሲሉ እትዬ ፋይቃ መሬት መሬት ያያሉ። ለካ ሰፈሩን ሁሉ ሲያስጠምቁ አንድ ሰው እንኳ ክርስትና አንሡልኝ ብሏቸው አያውቅም። እሳቸው ናቸው አልኩ። ልጅቷን እንደያዝኩ፣ እሳቸው በእናቷ ፈንታ ወደ ምዕራብ ዞረው፣ ግራ እጃቸውን አንሥተው ሰይጣንን ካዱት። አባ ሲያጠልቋት እትዬ አልቆጠሩም። ሦስተኛው ላይ ቬሬና ጮኸች፤ ከተወለደች ወዲህ እንዲያ ጮሃ አታውቅም። አለቀስኩ፣ አላፍርም።

ሆስፒታል ወር ከርማ ወጣች። አሁን ሦስት ዓመቷ ነው፤ ክርስትና እናቷም ዛሬም ካህን ያርማሉ። ሰው ሲስቅባቸው ግን እኔ አብሬ መሳቅ ትቻለሁ። ያን ቀን አባ እርጥቧን ልጄን ሲያቀብሏቸው ወደኔ ዞሩና፣ በቀስታ፣ "እንዴት ልያዛት፣ ልጄ?" አሉኝ።