ለውርስ የተፈታች ሚስት

ሰው ለልጆቹ ቤት ላወርስ ብሎ የሚወዳትን ሚስቱን ሲፈታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ መካነ ሰላም ከተማ አይቻለሁ።

የጎረቤታችን የጋሽ ይመር ሁለት ቤቶች መንገድ ከገባ ወዲህ ዋጋቸው ሰማይ ነክቶ ነበር። አብዮቱ መጣና ከአንድ ቤት በላይ ያለው ቤተሰብ ትርፉን ይወረሳል ተባለ። ጋሽ ይመር ሚስታቸውን እትዬ ዘነቡን ፈትተው አንዱን ቤት ሰጧቸው። ሁለቱም ቤት ተረፈ።

ነገሩ ሲረጋጋ ጋሽ ይመር የእትዬ ዘነቡን በር አንኳኩ።

«ዘነቡ፣ ልመለስ ነው፤ ክፈቺ።»

«የፈቷት ሴት ቤት እንዲህ ዘው ተብሎ ይገባል? ሽማግሌ ይላኩ እንጂ።»

እኛን ጎረቤቶቻቸውን ላኩን። እትዬ ዘነቡም አክብረው ተቀበሉንና፣ «እኔማ ወላሂ እወዳቸዋለሁ» አሉ፤ «ግን ከተጋባን አንዱ ቤት ሊወረስብን ነው። ልጆቼን እንዴት እበድላለሁ?»

መልሱን ስናደርስላቸው ጋሽ ይመር፣ «ይህን ያስተማርኳት እኔው ነኝ» አሉ።