ኮምፒዩተር ላይ የተከፈተ በር

ኮምፒዩተር እችላለሁ የሚል ሰው የገዛ ግቢውን በር መክፈት አይችልም! መቆጣት የሚፈልግ ይቆጣ... እኔ ሐሜቱን የጀመርኩት ከራሴ ነው።

ሮቤ ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ንድፍ አስተምራለሁ። የምኖረው ሐጂ ቃሲም ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። ሐጂ የስንዴ ነጋዴ ናቸው፤ ደግ ሰው፣ ግን ቃላቸው አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። ክረምቱ መሀል ላይ ልጃቸውን ዘሃራን ለጎባ ሰው ሊድሩ ሆነ። የሮቤን የክረምት ጭቃ ታውቁታላችሁ? ጫማችሁን አስረክባችሁት ነው የምታልፉት!

«ያ በርሲሳ» አሉኝ አንድ ቀን። መምህር ማለታቸው ነው። «የሙሽራው መኪና በረንዳዬ ሥር መቆም አለበት። ልጄ ነጭ ልብሷን በጭቃ አትጎትትም። ይቺ አሮጌ በር ለጋሪም አትበቃም። ሰፊ የብረት በር ንደፍልኝ።»

«ንድፍ ብቻ ሐጂ? ገና ሳይሠራ ሲከፈትና ሲዘጋ አሳይዎታለሁ እንጂ!»

ምነው ያኔ ምላሴን የሚይዝልኝ ሰው በነበረ!

ላፕቶፔን ዘረጋሁ። ሐጂና ባለቤታቸው አዴ ዘይነባ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። አንድ መስመር ሠራሁ፤ በሩ መሆኑ ነው። ታዲያ ኮምፒዩተር ላይ የተሠራ መስመር ካላሰራችሁት፣ ማለትም የቱ ጋ እንደማይንቀሳቀስ ካልነገራችሁት፣ ጌታ የለውም። በማውሱ ያዝ አድርጌ ብጎትተው... በሩ ከነማጠፊያው ተነቅሎ አጥር ዘሎ ሄደ!

«ወዴት ነው?» አሉ ሐጂ።

«ማጠፊያውን ሳላስረው ቀርቼ ነው።»

እልህ ያዘኝና ያገኘሁትን ሁሉ አሰርኩ። አንዱን ጫፍ ከምሰሶው ጋር፣ ርዝመቱን፣ ማዕዘኑን፣ ሌላኛውንም ጫፍ ጭምር። አሁን ደግሞ ብጎትት ንቅንቅ የለም! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኮምፒዩተር የሁለቱም አለቃ ነው።

ሐጂ አዘኑልኝ። «ልጄ፣ ስታበራይ በሬውን ከጓደኛው ጋር ካላሰርከው ጥሎህ ይሄዳል። እግሩን ካሰርከው ደግሞ አይዞርም። አንገቱን ብቻ እሰር!»

ይኸው! ለተማሪዎቼ ሁለት ዓመት ለፍቼ ያላስረዳሁትን ባንድ አፍታ ጨረሱት። ማጠፊያውንና ርዝመቱን አስሬ ማዕዘኑን ለቀቅሁት። በሩ ወደ ግቢው ወለል ብሎ ዞረ። «ማሻ አላህ!» አሉ ሐጂ። ደግመው ደጋግመው አስከፈቱኝ፣ አስዘጉኝ።

የአዴ ዘይነባ ፊት ግን አልተፈታም። «ግቢያችን እኮ ወደ ቤቱ ዳገት ነው። ይሄ ዕቃህ ያንን ያውቃል?»

«አዴ፣ ይሄ ከላይ ሲታይ ነው» አልኳቸው እንደ ባለሙያ ሳቅ ብዬ። ያቺን ሳቅ ዛሬ ባገኛት በጥፊ ነበር የምላት!

በያጁ ከድር በሩን የተከለው በሰርጉ ዋዜማ ነው። እንደ ተዘጋ ቀለም ቀባውና «እስኪደርቅ ማንም እንዳይነካው» ብሎ አስጠነቀቀ። በማግስቱ እንግዳው ሁሉ በጎረቤት አጥር በኩል ገባ።

የጎባዎቹ ጡሩምባ ሲሰማ ሐጂ ኮታቸውን አስተካከሉና «ክፈቱ!» አሉ። እኔና ከድር ሳብን። በሩ አንድ ክንድ ያህል መጣና... ሥሩ ዳገቱን ነክሶ ቀጥ! ብንስብ፣ ብንታገል፣ ወይ ፍንክች!

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «ያ በርሲሳ፣ ልጄ ዛሬ ጭቃ ከረገጠች አንተ ነገ ዕቃህን ትሸከማለህ።» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው ያሉት፤ እሱ ነው ያስፈራኝ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ! ዶማ ይዤ በሩ ሥር ተንበረከክሁ፤ ከድርም አካፋውን ይዞ ተከተለኝ። ውጭ ያሉት ግን ምን መሰላቸው? የሙሽራዋ ጓደኞች በሩን ይዘው አናስገባም ያሉ! ደንብ ነዋ፤ ሙሽራ ዝም ብሎ አይገባም። «አማቾቻችን ጨክነዋል!» ብለው ጭፈራውን አቀለጡት። የእኛዎቹ ልጃገረዶች ይህን ሲሰሙ ሮጠው መጥተው ከኋላችን ተደረደሩና ሙሽራውን በግጥም ያብጠለጥሉት ጀመር። እነሱ ይዘፍናሉ፣ እኔ እቆፍራለሁ። አንድ የጎባ ሽማግሌ በክፍተቱ አንገታቸውን አስገብተው «እባካችሁ፣ ስለ አላህ!» ይላሉ።

«ትንሽ ይታገሡን፣ አባቴ!» እላለሁ እኔ፣ ጭቃ ለብሼ።

በመጨረሻ በሩ አቃስቶ ተከፈተ። መኪናው እየተንገጫገጨ ገብቶ በረንዳው ሥር ቆመ። ዘሃራም ጠብታ ጭቃ ሳይነካት ተሳፈረች። እፎይ! ዶማዬን እንደታቀፍኩ መሬት ቁጭ አልኩ።

ሽማግሌው ሐጂን አቀፏቸው። «ወላሂ፣ ልጅ በእንዲህ ያለ ክብር ሲዳር አይቼ አላውቅም! አስለመኑን እኮ!»

ሐጂ እኔን አዩ፤ ዶማውን አዩ፤ ጢማቸውን ዳሰስ አደረጉ።

«ደንባችን ነው» አሉ።

ዕቃዬን ከመሸከም ተረፍኩ። በሳምንቱ ጎረቤታችን አቶ ሁሴን፣ ሦስት ያላገቡ ሴት ልጆች ያሏቸው ሰው፣ በር ንደፍልኝ ብለው መጡ። በዚህ ጊዜ ዳገቱን ለክቼ፣ ከጎንም ከላይም አስሬ፣ ስሜን የሚያስጠራ በር ሠራሁላቸው። ስክሪኑ ላይ ወለል ብሎ ሲከፈት ፊታቸው ጠቆረ።

«መምህር፣ እኔ የፈለግኩት እንደ ሐጂ ያለውን ነው» አሉኝ። «ይሄማ ይከፈታል!»