ዘጠኝ ዓመት፣ አሥራ ሁለት ኪሎ

ዙሪክ የሚኖር ሐበሻ ውሻ ያሳድጋል እንጂ ውሻ አለኝ አይልም። «እኔ እላለሁ» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል… እሺ፣ ነጠላ ለብሳችሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ ከትልልቆቹ ፊት ቆማችሁ ብላችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

ውሻችን ሚሚ ወደ ቤታችን የገባችው ከፊት ለፊታችን ካለው ቤት ነው። እኛ በምንኖርበት በቪዲኮን ሰፈር ጎረቤታችን የነበሩት አሮጊት አረጋውያን መኖሪያ ሲገቡ ውሻቸውን የሚረከብ ጠፋ። የአሥራ አራት ዓመቷ ልጃችን ሊያ አለቀሰች። ባለቤቴ ሰብለ «ለአንድ ሳምንት ብቻ» አለች። ያ ሳምንት ይኸው ሁለት ዓመት አለፈው። እሁድ ጠዋት ከቤት ከመውጣታችን በፊት ነጠላችን ላይ የተጣበቀውን የሚሚን ፀጉር አንድ በአንድ እንለቅማለን። ከቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን ሰው መኖሯን የሚያውቅ አልነበረም።

ዘንድሮ ሊያ ቮንሞቢል ካልተከራየን ብላ ያዘች። ቮንሞቢል ማለት አልጋና ምድጃ ያለው መኪና ነው፤ የዚህ አገር ሰው ቤቱን ቆልፎ ሌላ ትንሽ ቤት እየነዳ የሚሄድበት። እኔ ጄኔቭ ሐይቅ ዳር ያለ ካምፒንግ፣ ድንኳን ተክሎ ወይም መኪና አቁሞ የሚታደርበት ሜዳ፣ መረጥኩ። ጉዞው ሦስት ቀን ሲቀረው ሊያ የሚሚ ሐኪም የሰጠቻትን ወረቀት እጄ ላይ አስቀመጠች።

«ባባ፣ ይሄ ለሚሚ ኖትፋል ነው። ድንገት ብትጎዳ። አለስ፣ ሁሉንም መግዛት አለብህ።»

ወረቀቱን አነበብኩት። ፋሻ፣ ጎዝ፣ ቁስል ማጠቢያ ውኃ፣ ሙቀት መለኪያ፣ መዥገር መንቀያ፣ እብጠት ላይ የሚያዝ ማቀዝቀዣ፣ አፍ ማሰሪያ። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ውሻ ሲቆስል ቁስሉን ይልሳል፤ ካልዳነለት ደግሞ ይልሳል። ግን ለሊያ ይህን ማን ይነግራታል? መድኃኒት ቤት ሄድኩ።

«ለማን ነው?» አለችኝ ፋርማሲስቷ በጀርመንኛ።

አፌን ልከፍት ስል ከኋላዬ «ግርማ፣ ደህና ነህ ልጄ?» የሚል የታወቀ ድምፅ ሰማሁ። እትዬ አስካለ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ በነርስነት የሠሩ፣ በሽተኛ ሳይጠይቁ እንቅልፍ የማይወስዳቸው፣ የሰሙትን ግን ለብቻቸው መሸከም የማይችሉ ሴት ናቸው። ጀርመንኛቸው ደግሞ ከእኔ ይሻላል።

«ለትንሿ ነው» አልኩ።

«ዕድሜዋ?»

«ዘጠኝ።»

«ኪሎዋስ?»

«አሥራ ሁለት።»

ፋርማሲስቷ ቀና አለች። «ዘጠኝ ዓመት ሆኗት አሥራ ሁለት ኪሎ?»

«ሐኪሟ እንዲያውም ትንሽ ወፍራለች ብላለች።»

«ምንድን ነው የምትመገበው?»

«ጠዋትና ማታ ደረቅ ምግብ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሷ ጠየቀች፣ እኔ መለስኩ፤ እያንዳንዱ መልሴ እውነት ነበር፤ እውነቱ ሲጠራቀም ግን እኔን የሚያሳስር ሆነ። ሙቀቷን በአፏ ነው የምትለኩት ስትለኝ «በአፏ አይሆንም፣ ትናከሳለች» አልኩ። መዥገር ከየት ይመጣባታል ስትለኝ «ሣር ላይ ስለምትንከባለል» አልኩ። በመጨረሻ ወረቀቱን አይቼ «አፍ ማሰሪያ አላችሁ?» አልኳት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» ብላ ወደ ስልኩ ዞረች። በዚህ አገር ስለ ሕፃን እየተወራ «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» ሲባል ምን እንደሚከተል የወለደ ሁሉ ያውቃል። ባንኮኒው ላይ ተንጠላጥዬ ጆሮዋ ሥር «ውሻ ናት» ብዬ አንሾካሾክሁ። ሴትየዋ መጀመሪያ ፈዝዛ አየችኝ፤ ከዚያ ሳቋን አፍና ለመያዝ ስትታገል እንባዋ ወረደ። በመሐረብ እየጠረገች እጄን መታ መታ አደረገችኝ። አፍ ማሰሪያውን የእንስሳት ዕቃ መደብር እንደማገኘው ነገረችኝና ሌላውን ሁሉ በከረጢት ሰጠችኝ።

እትዬ አስካለ ከኋላ ሆነው ያዩት ግን ምንድን ነው? እኔ በጆሮዋ አንድ ነገር ስነግራት፣ ፋርማሲስቷም ስታለቅስ።

ቅዳሜ ጠዋት ቮንሞቢሉን ደጃችን አቁመን ዕቃ እየጫንን ነበር። ሚሚ ቀድማ ገብታ አልጋው ላይ ተኝታለች። እትዬ አስካለ ከሁለት የማኅበሩ ሴቶች ጋር በአውቶቡስ መጡ። አንደኛዋ አጥሚት በቴርሞስ፣ ሌላዋ ጠበል በጠርሙስ ይዛለች።

«እግዚአብሔር ይማራት» አሉ እትዬ አስካለ ሰብለን አቅፈው።

«ማንን?»

«ልጅቷን ነዋ።»

ሊያ ትራሷን አቅፋ ከደረጃው ወረደች። ሳሟት። «እሷማ ደህና ናት፤ ትንሿን ነው የምልሽ። ዘጠኝ ዓመቷን። ግርማ ሲናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ሰብለ የያዘችውን ድስት መሬት ላይ አስቀመጠች። በትዳር አሥራ ስድስት ዓመት አብራችሁ የኖራችሁት ሰው በሐሳቡ ዓመት ሲቆጥር ታውቃላችሁ። የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ ጄኔቭ ለስድስት ወር ሥራ ሄጄ ነበር።

«ለዚህ ነው ጄኔቭ የመረጥከው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ውሻ ናት» አልኩ።

«የወለድካትን ልጅ ውሻ ትላለህ?» አለች ቴርሞስ የያዘችው ሴት።

ነገሬን ያቀናችልኝ ራሷ ሚሚ ናት። ድምፃችንን ሰምታ መኪናው በር ላይ ብቅ አለች፣ ተንጠራራች፣ ወርዳም በቀጥታ የእትዬ አስካለን ጫማ ማሽተት ጀመረች። ሊያ «ዘጠኝ ዓመቷ እኮ ነው» አለች፣ እንደ ማስተዋወቅ።

እትዬ አስካለ ሚሚን ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ አዩዋት።

«አሥራ ሁለት ኪሎ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ሰግጄላታለሁ። ጉልበቴን ተመልከት።»

ጉልበታቸው አብጧል። ከሐፍረቴ የተነሣ የምገባበት ጠፋኝ። መኪናው ደረጃ ላይ አስቀመጥናቸውና የሚሚን መድኃኒት ያደረግሁበትን ሻንጣ ፍለጋ ገባሁ። አልጋው ሥር፣ ከወንበሮቹና ከድንኳኑ ኋላ ነው የጫንኩት። ሁሉንም አውርጄ እስካመጣው እትዬ አስካለ በትዕግሥት ጠበቁኝ።

«አደጋ ቢመጣ ይሄን ሁሉ እስክታወርድ ቆሞ ይጠብቅሃል?» አሉ። «በሩ አጠገብ አድርገው። የሚከፍተውም አንድ ሰው ይሁን፤ ሦስታችሁ ስትራኮቱ ውሻዋ ትሞታለች።»

ማቀዝቀዣውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሚሚ ፋሻ አሰሩት። ከዚያ ነርስነታቸው ተቀሰቀሰና ሚሚን ጠርተው በእግሯ ላይ አሳዩን። ፋሻው ሥር ሁለት ጣት መግባት አለበት፤ ካልገባ ደም ይታገታል። ሊያ ተማረች፣ ሰብለ ተማረች። እኔ ከሩቅ እንድማር ተፈቀደልኝ። አጥሚቱን ሊያ ጠጣችው። ጠበሉን ግን እትዬ አስካለ «ይሄስ ለሰው ነው» ብለው ይዘውት ተመለሱ።

መንገድ ላይ በርን ከተማን ስናልፍ ሰብለ ወደ እኔ ዞረች።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፤» አለች «ውሻ አለኝ ማለት አሳፍሮህ፣ ዲቃላ አለኝ ብለህ መጣህ?»

ዳግመኛ በሚሚ ላለማፈር ያኔውኑ ቆረጥኩ። ካምፒንጉ በር ላይ ስንደርስ ሰልፉ ውስጥ ሁለት ሐበሾች ነበሩ። ተቀባይዋ በፈረንሳይኛ ስንት እንደሆንን ስትጠይቀኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ሦስት ሰውና አንድ ውሻ» አልኩ። ሐበሾቹ ዞረው አዩኝ። ደረቴን ነፋሁ።

ተቀባይዋ ኮምፒውተሯን ተመለከተች። ቦታውን ስይዝ ስለ ውሻ ምንም እንዳልሞላሁ፣ ውሻ የሚገባበት ቦታም ሁሉ እንደተያዘ በትሕትና ነገረችኝ።

እውነት ነፃ ያወጣል ይባላል። እኛን ያወጣን ከካምፒንጉ ነው፤ ዕረፍታችንን የጨረስነው «ለዛቫንሼ» በሚባል የጄኔቭ ሰፈር፣ አንድ የድሮ ጓደኛዬ ፎቅ ሥር፣ መኪና ማቆሚያ ላይ ወንበር ዘርግተን ነው።